ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጓሯችን ውስጥ የሚጎተተው ምንድን ነው?

የቁስቋሟ

ሰላም እንዴት አመሻችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ጎንደር ነው፣ ቁስቋም አካባቢ። ቤቱ የአባታችን ነው። የጭቃ ቤት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ኮርኒስ። ከፊት የብረት በር አለው፣ ከጓሮ ደግሞ ወጥ ቤቱ፣ ሽንት ቤቱና ሮቶው። የምንኖረው እኔ፣ የ4 ዓመት ልጄና እናቴ ነን። ባለቤቴ ሹፌር ነው፣ የመተማን መስመር ነው የሚሠራው፣ ከወሩ ግማሹን ቤት አያድርም።

እንቅልፍ ካጣሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ማታ 2 ሰዓት፣ 3 ሰዓት ላይ ጣሪያው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ቷ ይላል፣ እሱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ፣ አንዳንዴ 9፣ ከጓሮ በኩል ሽሽሽ የሚል ነገር ይጀምራል፣ እባብ ይመስላል። ጥቂት ቆይቶ ሲሚንቶው ላይ የሆነ ነገር ይጎተታል። ክርርር ይልና ያቆማል፣ ደግሞ ክርርር። መጨረሻ ላይ ግድግዳው ውስጥ ዷ ዷ ይልና ጸጥ። በየቀኑ አይደለም። በሳምንት ሁለቴ ቢሆን ነው።

ውሻ አለን፣ ትንፍሽ አይልም። እማዬን ስጠይቃት «እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ቃዥተሽ ነው» ትለኛለች። ድሮ ቅጠል ሲወድቅ የምትነቃ ሴትዮ ነበረች፣ እርጅና መሰለኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ዘነዘና ይዤ ተነሣሁ። ጓሮ በር ጋ ደረስኩ፣ እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነው፣ ልክፈት አልክፈት ስል ልጄ አለቀሰና ተመለስኩ። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ያው መቀርቀሪያ ተከፍቶ አደረ። ማታ የዘጋሁት ራሴ ነኝ። እምላለሁ።

ወንድሜ አዘዞ ነው የሚኖረው። ስነግረው «ቅዳሜ ክላሹን ይዤ መጥቼ አድራለሁ፣ የመጣውን አሳየዋለሁ» አለኝ። የከተማውን ሁኔታ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ወጥታችሁ ታያላችሁ?

አንድዬ

ድመት ነው። ተኚ።

የቁስቋሟ

ድመት መቀርቀሪያ ይከፍታል እንዴ ወንድሜ?

አንድዬ

የእኛ ድመት ማቀዝቀዣ ይከፍታል 😂

ጣሪያ መቺው

እታለም፣ እኔ ከ20 ዓመት በላይ ቆርቆሮ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ጣሪያው ልንገርሽ፣ ሌላውን ሌሎች ይንገሩሽ።

ማታ 2 እና 3 ሰዓት ላይ የምትሰሚው ጠቅታ ቆርቆሮው ሲበርድ የሚያሰማው ነው። አሁን የካቲት ነው፣ ቀን ፀሐዩ ቆርቆሮውን እንቁላል እስኪጠብስ ድረስ ያግለዋል፣ ማታ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሙቀቱ ቶሎ ይሸሻል፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ መሆኗንም አትርሺ። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። 4 ሜትር ቆርቆሮ ቀን 45 ዲግሪ ደርሶ ሌሊት ወደ 10 ቢወርድ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ያጥራል። ትንሽ ነው ትያለሽ። ግን በሚስማር ተይዟል። እንቢ፣ እንቢ ሲል ይቆይና ድንገት ቷ ብሎ ይለቃል። ማገሩም ከሥሩ አለ፣ ባሕር ዛፍ ነው፣ በደንብ ሳይደርቅ የተመታ ከሆነ ዓመታት ሙሉ ሲሰነጠቅ ይኖራል፣ እሱ ደግሞ ጮክ ብሎ ነው የሚሰነጠቀው፣ አንዳንዱ ጥይት ይመስላል።

ሰው ጣሪያ ላይ ቢወጣ ግን ድምፁ እንዲህ አይደለም። ቆርቆሮው ከክብደት የተነሣ ግው ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል፣ እግሩ ሲነሣ ደግሞ ግው ብሎ ይመለሳል። ሁለት ድምፅ ነው ያለው። ሌባ ከሆነ ሚስማሩ ላይ ነው የሚረግጠው፣ ከሥሩ ማገር እንዳለ ያውቃላ። አይጥ ኮርኒስ ላይ ሩጫዋ ቀላልና ፈጣን ነው፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትሮጣለች። ድመት አንዴ ዱብ ይልና ከዚያ አትሰሚውም።

የአንቺ 8 ሰዓት ግን ከዚህ አንዱም አይደለም። ጣሪያ ቀን መርጦ በሳምንት ሁለቴ አይጮህም።

የጃኖው

ወንድምሽ ልክ ነው። መሣሪያ ያለው ሰው ቤት ሌባ አይመጣም። አንዴ ወደ ሰማይ ይተኩስላት፣ ሁለተኛ በዚያ ሰፈር የሚያልፍ የለም። እኛ ጎንደሬዎች መቼ ነው በጓሯችን መጣ ሄደ ስንፈራ የኖርነው?

ሕግ አዋቂ ነኝ አልልም

አቶ ጃኖ፣ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ አይቀርም። አንድ ሰው ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል።

ሁለተኛ ነገር፣ የጦር መሣሪያ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1177/2012፣ መሣሪያው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃድ አለው እንበል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ራስን መከላከል ይፈቅዳል፣ ግን ለመከላከል ነው። ሕገ ወጥ ጥቃት ደርሶብህ ወይም ሊደርስብህ ተቃርቦ፣ በሌላ መንገድ ልታስቀረው ካልቻልክ፣ እሱም ከልክ ሳያልፍ። ከልክ ካለፈ አንቀጽ 79 ይመጣል። ያኔ ደንግጬ ነው ብለህ ዳኛ ፊት ቆመህ ታስረዳለህ፣ ዳኛውም ያይልህ ይሆናል። ጨለማ ውስጥ የሰማኸው ክርርር ግን ጥቃት አይደለም። ድምፅ ነው።

ሽበት

ልጆቼ፣ እኔ ሕጉን አላውቅም፣ የሆነብኝን ላውራችሁ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ዳባት አጠገብ ገጠር ነበርኩ። ምንሽር ነበረኝ። በዚያ ወቅት የከብት ሌባ በዝቶ ስለነበር ጆሯችን ሌሊቱን ሙሉ በረት ላይ ነው። አንድ ሌሊት የበረቱ አጥር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ማነህ አልኩ። ማነህ ያልኩ ይመስለኛል፣ ሚስቴ ግን እስከ ዛሬ አላልክም ነው የምትለው። ተኮስኩ።

የእህቴ ልጅ ነበር። ከተማ ነበር የሚማረው፣ መኪና አምልጦት በእግሩ ሲመጣ መሸበት። እኛን ላለመቀስቀስ ብሎ ከጥጆቹ ጋር ሊያድር ነው በረቱን የሚከፍተው። ጥይቱ ጋቢውን በግራ ገብቶ በቀኝ ወጣ። ልጁን አልነካውም። ጋቢውን ባለቤቴ አስቀምጣዋለች፣ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ አንዳንዴ በዓል ሲመጣ አውጥታ ታሳየኛለች። ምንሽሩን በሚቀጥለው ገበያ ቀን ሸጥኩት። ልጁ ዛሬ የልጆች አባት ነው፣ ሲያወራው ይስቃል፣ እኔ አልስቅም።

የቁስቋሟ ልጄ፣ ወንድምሽን ባዶ እጁን ይምጣ በይው።

የጃኖው

እሺ ጋሼ። እግዜር አተረፈዎት።

ሌት ጠባቂ

እህቴ፣ 11 ዓመት መጋዘን ስጠብቅ ያደርኩ ሰው ነኝ። ወጥታችሁ ታያላችሁ ወይ ላልሽው፣ አትውጪ። እኔ ደሞዝ እየተከፈለኝም ድምፅ ሰምቼ ወዲያው አልወጣም ነበር። ለምን መሰለሽ፣ ውጭ ያለው ሰው ዓይኑ ጨለማውን ለምዷል፣ አንቺ ከመኝታ ተነሥተሽ ነው፣ በር ስትከፍቺ ደግሞ ብርሃኑ ከጀርባሽ ስለሆነ እሱ ያይሻል፣ አንቺ አታዪውም። ያች ዘነዘናም እጅሽ ላይ አትቆይም፣ ይቀማሻል።

ድምፅ ስትሰሚ መጀመሪያ ዝም በይና አድምጪ። ሰው ልቡ ሲመታ የራሱን ልብ ነው የሚሰማው፣ ስለዚህ አፍሽን ከፍተሽ በቀስታ ተንፍሺ፣ ጆሮሽ ይከፈትልሻል። ክፍልሽን አታብሪ። የውጭውን መብራት አብሪ። ማብሪያው ውጭ ነው ያለው? የብዙ ሰው ቤት እንደዚያ ነው፣ ወደ ውስጥ አስገቢው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። መብራት ከሌለ ደግሞ (መቼም ከሌለበት ያለበት ያንሳል) ባትሪውን ከራስሽ አርቀሽ በመስኮት በኩል ያዢው።

ቀጥሎ ሳል። አዎ ሳይ። አባቶቻችን ሰው ግቢ ሲገቡ ጉሮሯቸውን ይጠርጉ አልነበር? ጮክ ብለሽ ሳይ፣ ዕቃ አንኳኪ፣ «አንተ ተነሣ እንጂ» በይ፣ ባልሽ መተማ ቢሆንም። ሌባ የሚፈልገው የተኛ ቤት ነው። የነቃ ቤት ካየ አብዛኛው ይሄዳል። መንገዱን ደግሞ ተይለት፣ በሩ ላይ ቆመሽ አታፋጪው። እቃ ይሂድ።

ከሁሉ በላይ ጎረቤት። ከግራና ከቀኝ ጋር ዛሬ ማታ ሳይሆን ቀን ተነጋገሩ። ሌሊት ሚስኮል ሁለቴ ከመጣ የእነሱም የውጭ መብራት ይበራል፣ በቃ። ሦስት ግቢ በአንዴ ሲበራ ምን እንደሚመስል አይቼዋለሁ። የቀበሌውንና ቅርብ ያለውን ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ሄደሽ ጠይቂና ስልክሽ ላይ መዝግቢ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቁጥር አይፈለግም። አንድ ፊሽካም ግዢ፣ ርካሽ ናት፣ ከመጮህ ትሻላለች፣ ሰው ሲደነግጥ ድምፁ አይወጣም።

ተኩስ ከሰማሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መብራት የለም፣ መስኮት የለም፣ ሳል የለም። ልጅሽንና እናትሽን ይዘሽ መንገድ ከሚያየው ግድግዳ ርቃችሁ መሬት ተኙ። ቆርቆሮ ጥይት አያቆምም፣ የጭቃ ግድግዳም አታምኚው። እስኪነጋ ምን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግሽም።

የአራዳዋ

የኔ እመቤት አይዞሽ። ሴት ሆኖ ልጅ ይዞ ማደር ከባድ ነው፣ እኔም አሳልፌዋለሁ።

አያታችን ሌሊት ስምሽ ቢጠራ አንዴ ሲጠሩሽ አቤት እንዳትዪ ትለን ነበር። ሦስቴ ሲጠራ ነው አቤት የሚባለው፣ የሰው ነገር ይደግማል፣ ሌላው አይደግምም ትላለች። እስከ ዛሬ በር ሲንኳኳ ቶሎ የማልከፍተው በዚህ ነው፣ ሰይጣን ፈርቼ ሳይሆን ሦስቴ እስኪያንኳኳ ማን እንደሆነ በመስኮት አያለሁ። አሮጊቷ የምታውቀውን ታውቅ ነበር።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን በ1880 ድርቡሽ ሊያቃጥለው ሲመጣ ንብ ወጥቶ አባረረው ይባላል አይደል? እኛ ንብ የለንም። አመድ አለን። ማታ ከመተኛትሽ በፊት የምድጃውን አመድ ነፍተሽ ጓሮ በር ላይና ሮቶው ሥር ሲሚንቶው ላይ ስስ አድርገሽ በትኚ። ጠዋት የረገጠው ሁሉ ይነበባል። እኛ ዶሮ የሚጨርስብንን ያወቅነው በዚህ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ የጎረቤት ልጅ ነው ሲል ሸለምጥማጥ ሆኖ ተገኘ። ያንን ልጅ ሁለት ወር ሙሉ በክፉ ዓይን አይተነዋል፣ ይቅር ይበለን።

አዘዞ ጥግ

ጅብ ይሆናል። እኛ ጋ ሌሊት አስፋልቱ የጅብ ነው። ውሻ ጅብ ሲሸተው አንዳንዱ ይጮሃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራውን ወሽቆ በር ሥር ይተኛል። አጥንትና ትርፍራፊ ጓሮ አትጣሉ።

የቁስቋሟ

የእኛ ግቢ ግንብ ነው፣ ጅብ አይዘልም። ውሻውም አይወሸቅም፣ ሐሙስ ጠዋት ሳየው እንደውም ደስ ብሎት ጭራውን ይቆላ ነበር። ይሄ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

ሌት ጠባቂ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማብሪያው እውነትም ውጭ ነው። አመዱን ዛሬ እሞክራለሁ።

ቧንቧ ሠሪ

ሁላችሁም ሌባና ጅብ ትላላችሁ፣ አንድ ሰው ስለ ውሃ አይጠይቅም? እህት፣ እናንተ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በየስንት ቀኑ ነው? ስንት ሰዓት?

የቁስቋሟ

በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ሌሊት ነው የሚመጣው፣ ሰዓቱን እንጃ። ሮቶው ራሱ ስለሚሞላ አልነሣም። ...ቆይ።

ቧንቧ ሠሪ

አዎ ቆይ 😄

ሽሽሽ ያልሽው አየር ነው። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲቆይ መስመሩ ባዶ ይሆናል፣ አየር ይሞላዋል። ውሃው ሲለቀቅ ያን አየር ከፊቱ እየነዳ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ከውሃው በፊት ያፏጫል። ቧንቧ ክፍት ሆኖ ከቀረማ እንደ እባብ ብቻ ሳይሆን እንደ ሰው ያቃስታል፣ ስንት ሰው ቤቱን ጠበል አስረጭቷል በዚህ።

ዷ ዷ ያልሽው ደግሞ ሮቶው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ ነው። ውሃው ሲሞላ ኳሱ ከፍ ይልና መግቢያውን ይዘጋል። ውሃው ግን በፍጥነት እየመጣ ነው፣ ድንገት ሲዘጋበት ጉልበቱ የሚሄድበት የለውም፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ቧንቧውን ይመታል። ቧንቧው ግድግዳው ላይ በደንብ ካልታሰረ ቤት ሙሉ ይሰማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ቧንቧውን በየሜትሩ በማሰሪያ ማሰርና የመግቢያውን ቫልቭ ግማሽ መዝጋት። ኳሱም አርጅቶ ከሆነ ይቀየር፣ ያረጀ ኳስ ሲዘጋ ይንቀጠቀጣል።

ሌሊት ለምን ይመጣል ብትዪ፣ ቀን ሁሉም ከፍቶ ስለሚቀዳ ግፊቱ ከፍታ ላይ ያለ ሰፈር አይደርስም፣ ቁስቋም ደግሞ ዳገት ነው። አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ነው፣ ሰዉ ደግሞ በዝቷል። እንግዲህ በሌሊት እንቀዳለን።

ክርርሩን ግን አላውቀውም። ውሃ አይጎተትም።

አንድዬ

ድመት ነው አልኳችሁ። ጀሪካን የሚጎትት ድመት።

የቁስቋሟ

(ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ሰላም ናችሁ? ምን ሆነች ብላችሁ የጠየቃችሁ ሁሉ ተባረኩ። ደህና ነኝ። ልንገራችሁ፣ ግን አትሳቁ።

ቅዳሜ ወንድሜ መጣ። ክላሹን ይዞ ነው የመጣው፣ የጋሽ ሽበትን ታሪክ በስልክ አንብቤለት ነበር፣ ግን «ለማንኛውም» አለ። በር ላይ ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ጥይቱን አውጥቶ ሰጠኝና ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፣ ቁልፉን ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩ። እማዬ ሁሉንም እያየች ነው፣ ቡና እየቆላች፣ ምንም አልተናገረችም። አሁን ሳስበው ፊቷ ልክ አልነበረም። ያን ሌሊት ምንም ድምፅ የለም። እሑድም የለም። ወንድሜ ሰኞ ጠዋት «አየሽ፣ ፈርተው ነው» ብሎ እየተኩራራ ሄደ።

አመዱን መበተኔን ቀጠልኩ። ለእማዬ ግን አልነገርኳትም፣ እንዳላስፈራት ብዬ ነው። ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ከሩብ ሽሽሽ አለ። እሺ አየር ነው፣ አልኩ ለራሴ። ከዚያ ክርርር። ልጄን አቀፍኩት፣ ሌት ጠባቂ እንዳለው አፌን ከፍቼ አዳመጥኩ፣ ክርርር ይላል፣ ያርፋል፣ ክርርር ይላል፣ ያርፋል፣ እረፍቱ ረጅም ነው፣ እና ከእረፍቱ መሃል የሆነ «እህህ» የሚል ነገር ሰማሁ። የሰው ነው። ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ሳልኩ። ጮክ ብዬ ሳልኩ። ድምፁ ወዲያው ጸጥ አለ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። አልወጣሁም። ለጎረቤት ሚስኮል ላድርግ ስል መልሶ ስላልተሰማ ተውኩት።

ጠዋት ከእማዬ ቀድሜ ተነሣሁ። አመዱ ላይ የኮንጎ ጫማ ዱካ አለ። ትንሽ ናት፣ ቁጥር 36 ብትሆን ነው። ከቤት ወጥታ ሮቶው ሥር ወዳለው ቧንቧ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ወጥ ቤት ትገባለች። ከጎኗ ሰፊ ጭረት አለ፣ ዕቃ የተጎተተበት። ደርሳ ስትመለስ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጊዜ። በየሁለት እርምጃው ደግሞ ምልክት አለ፣ ጀሪካኑ ያረፈበት። ወጥ ቤት ገባሁ። እንጨቱ ጀርባ ሰባት ጀሪካን ሙሉ ውሃ፣ በማዳበሪያ ተሸፍኖ።

ለካ እናቴ ናት።

አምና ወገቧን አሟት ሐኪም ዕቃ እንዳታነሣ ብሏታል፣ እኔም ጀሪካን ስትይዝ እንዳላይሽ ብዬ አስምያት ነበር። እሷ ደግሞ ሮቶውን አታምነውም። «የፕላስቲክ ጋን ተቀድዶ ቢያድርስ? ውሃው ለወር ቢጠፋስ? ልጁ ምን ይጠጣል?» ነው የምትለኝ። መሐላው ላይ የተባልኩት አታንሺ ነው እንጂ አትጎትቺ አልተባልኩም አለች፣ ስለዚህ ጎተተች። ውሻውም የሚጮኸው በማን ላይ ነው? በምታበላው? መቀርቀሪያውንም ሐሙስ ዕለት እጇ በርዶ ሳትዘጋው ቀርታለች።

ወንድሜ መሣሪያ ይዞ ሲመጣ ለምን አልተናገርሽም አልኳት። «እናንተ ስትጣሉ ነውር ሆነብኝ፣ እሱ እስኪሄድ ባልነሣ ይሻላል ብዬ ነው» አለችኝ። ቡናዋን እየቀዳች ነው እንዲህ የምትለኝ። እኔ እግሬ ተንቀጠቀጠና መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

ሽበት

ተመስገን። ተመስገን ነው ሌላ ምን ይባላል። ወንድምሽ ሰምቷል?

የቁስቋሟ

ደውዬ ነገርኩት። ብዙ ቆይቶ «እሺ» ብቻ አለኝ። በማግሥቱ መጥቶ ቧንቧውን ራሱ አሰረው፣ ማሰሪያው ካዘዞ ነው የመጣው። ጥይቱን ስመልስለት እዚሁ ይቀመጥ አለ፣ እኔም ቤት ውስጥ ልጅ አለ ብዬ አስያዝኩት። አሁን የት እንዳደረገው አልጠየቅኩም።

ቧንቧ ሠሪ

እናትሽ ትክክል ናቸው፣ ሮቶ ይሰነጠቃል። ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ቶሎ ያረጃል፣ ከላዩ ቆርቆሮ ጣል አድርጉበት። ለውሃው ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ከመግቢያው ቧንቧ ላይ አንድ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) አስወጪና በጎማ እስከ ወጥ ቤት አምጪው። ጀሪካኑ ባለበት ቆሞ ይሞላል፣ የሚጎተት የለም።

የአራዳዋ

ሰባት ጀሪካን! በዚያ ወገብ! እናትሽን ሳሚልኝ። እኔም የራሴን ልጆች ስንት ነገር ደብቄያቸዋለሁ፣ አሁን ይህን አንብበው አመድ ይበትኑብኛል።

ሌት ጠባቂ

ሳልሽ፣ አልወጣሽም፣ ጎበዝ። ማብሪያውን አስገባሽው?

የቁስቋሟ

አስገባሁት። ጎማውንም አስገጠምን። እማዬ ግን አሁንም ትነሣለች፣ ጎማው ከጀሪካኑ እንዳይወጣ መያዝ አለበት ብላ። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት አብረን ነን፣ እሷ በርጩማ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ባትሪ ትይዛለች፣ እኔ እቀዳለሁ። ትናንት እየቀዳን ጣሪያው ቷ አለ። «ምንድን ነው?» ብላ ደነገጠች።

ጣሪያ መቺው

ማገሩ ነው በያት። ያን ቤት የመታው ሰው እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው የተጠቀመው።